ነጭ ጓንት

ፖርትስመዝ፣ ቨርጂኒያ
ሴፕቴምበር 16፣ 1990

ውድ እማዬ፣

ይህ ወረቀት ባሕሩን ተሻግሮ እጅሽ ሲገባ ደህና ሆነሽ ያግኝሽ። ሙቀቱ እንዴት ነው? መርከቡ ላይ እንቅልፍ ይወስድሻል? እኛ ደህና ነን። አባትሽም፣ አባባ፣ ደህና ናቸው። ድመቷም የጎረቤታችንን የሚስ ኦፓልን ዓሣ ከመጥበሻው ላይ ሰርቃ በመጥረጊያ ከተባረረች ወዲህ ጨዋ ሆናለች።

አሁን ወደ ቁጣሽ ልምጣ። አዎ፣ አክስቴ ሬጂና ከዲትሮይት የጻፈችልሽ እውነት ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ የባህር ኃይል ካዴት ሆኜ ተመዝግቤያለሁ። «ለምን ሳትጠይቂኝ?» ብለሽ በትልልቅ ፊደል ጽፈሻል። ብጠይቅሽ እምቢ ስለምትዪ ነዋ! ምዝገባው ደግሞ የሚያልቀው ዓርብ ነበር፤ ያንቺን መልስ ብጠብቅ አሥረኛ ክፍል እገባለሁ። አባባ ፈርመውልኛል። ይቅርታ አድርጊልኝ። ግማሽ ይቅርታ ነው፣ ሙሉውን አልችልም።

«ገና አሥራ አራት ዓመትሽ ነው፣ ምን አጣደፈሽ?» ላልሽው፦ እዚህ ሃተን ክሪክ ትምህርት ቤት ከተማሪው ግማሹ እናቱ ወይ አባቱ እንዳንቺ ወደ ዓረቦች ባሕር ሄዷል። ምሳ ሰዓት ብቻዬን ስቀመጥ መምህራኑ ሁሉ ጭንቅላቴን እያሻሹ ያልፋሉ፤ «አይዞሽ የኔ ቆንጆ» ይሉኛል። ካዴቶቹ ጠረጴዛ ላይ ግን ማንም ለማንም አያዝንም። «እናትሽ የት ናት?» «ቀይ ባሕር።» «የኔ አባት ባሕረ ሰላጤው ውስጥ ነው፤ ያንን ኬቻፕ አቀብዪኝ።» በቃ ይሄው ነው። ደስ አለኝ።

ረቡዕ ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ዩኒፎርም እንለብሳለን። የመጀመሪያው ረቡዕ ላይ የደረሰብኝን ስሚ። አባባ «ሱሪሽን እኔ እተኩሰዋለሁ፣ አንቺ ታበላሺዋለሽ» አሉና ገልብጠው፣ በድሮው ባሕረኛ ልማድ መስመሩን በጎንና በጎን አወጡልኝ። ሌላው ሰው መስመሩ ከፊት ነው፣ የኔ ከዳር። አስተማሪያችን ቺፍ ዴልጋዶ፣ ጡረታ የወጡ ባሕረኛ ናቸው፣ ፍተሻ ላይ ፊቴ ቆሙ።

«ካዴት፣ ይህን ሱሪ ማን ነው የተኮሰው?»

«አያቴ ናቸው፣ ቺፍ!»

«አያትሽ የትኛው ጦርነት ላይ ነበሩ?»

«ሁሉም ላይ፣ ቺፍ!»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ነጥብ ተቀነሰብኝ። ሲበተን ግን ቺፍ ጠሩኝና «እንዲህ ያለ አተኳኮስ ካየሁ ዘመን ሆኖኛል፤ ሰላም በያቸው» አሉኝ። አባባን ነገርኳቸው፤ እራት ላይ ሁለተኛ ቁራጭ ዶሮ ሰጡኝ።

ልጅሽ ሻሪስ

ኢቬት። ልጅቷ በልታለች። አንቺም ብዪ። አባትሽ።


ባሕር ላይ
ኦክቶበር 14፣ 1990

ልጄ ሻሪስ፣

በዚህ በኩል ያለው ሰላምታ ላብ በላብ ነው። ደህና ነኝ። የመጀመሪያውን መልሴን ተቆጥቼ ስለጻፍኩት ቀደድኩት። ሁለተኛው ሙሉው ልመና ሆነብኝ፣ እሱንም ቀደድኩት። ይህ እንግዲህ የደከመች እናት ደብዳቤ ነው፦ ካዴት ሁኚ። በግማሽ ይቅርታ ግን አትጫወቺብኝ።

በኋላ በላክሽው ደብዳቤ ዲትሮይት ልትልኪኝ ነው ወይ ብለሻል። አይ፣ አትሄጂም። ይህን ከየት አመጣሽው? ሬጂና ብላሽ ከሆነ አፏን ትያዝ። ግን ትልቅ ልጅ ነሽና ልንገርሽ። ብቻዋን ልጅ የምታሳድግ ባሕረኛ ከመሄዷ በፊት ልጄን የሚይዝልኝ ሰው አለ ብላ ትፈርማለች። እኔ የፈረምኩት አባዬን ነው። እሱ ቤት ውስጥ ቆሞ እስከሄደ እኔ እዚህ መጋዘኔ ውስጥ ነኝ፤ ሳሙናና ቦልት እቆጥራለሁ። እሱ ካቃተው ግን መርከቡ እኔን አይጠብቅም። ወይ ሌላ ሰው አገኛለሁ ወይ እሰናበታለሁ። ሃያ ዓመት ካላገለገልኩ ደግሞ ጡረታ የሚባል ነገር የለም፤ የቀረኝ ሦስት ዓመት ነው። ይህን የምነግርሽ እንድትፈሪ አይደለም። አባዬን እንድትንከባከቢው፣ ቀዝቃዛ ውኃ እንዳይታጠብ፣ ሐኪም ቤት ሲቀጠር አብረሽው እንድትሄጂ ነው።

አባዬ በመርከብ ላይ ምን ይሠራ እንደነበርም በዚያው ደብዳቤ ጠይቀሻል። እሱ አልነገረሽም፤ አይነግርሽምም። በሱ ዘመን ጥቁር ሰው ባህር ኃይል ሲገባ የሚሰጠው ነጭ ጃኬትና ነጭ ጓንት ነበር። መድፍ አጠገብ አይደርስም። የመኮንኖች አሳላፊ ነው፤ ቡና ያቀርባል፣ አልጋ ያነጥፋል፣ ጫማ ይወለውላል። አባዬ ሃያ ሁለት ዓመት ይህን ሠራ። ቤት ሲመጣ ግን ብርጭቆ ውኃ እንኳ ተነስቶ አይቀዳም ነበር። እናቴ «አድሚራሌ ጠምቶታል» እያለች ትቀዳለት ነበር። አሁን ላንቺ ማብሰሉ እሷ ከሞተች በኋላ የመጣ ነው። ስለዚያ ሥራ አንድ ጊዜ በልጅነቴ ጠይቄው ሳምንት ሙሉ ዘጋኝ። አንቺ አትጠይቂው።

የሱሪውን ነገር ለጓደኞቼ አንብቤላቸው በሳቅ ሞቱ። አባዬ አንድ መስመር ብቻ ጽፎልኛል፤ እሷን መስመር ትራሴ ስር አድርጌያታለሁ። ሁልጊዜ ይጻፍልኝ።

እናትሽ


ፖርትስመዝ
ኖቬምበር 25፣ 1990

ውድ እማዬ፣

እንደምን ከርመሽልኛል? የምስጋና ቀንን መርከብ ላይ እንዴት አሳለፋችሁ? እኛ በጣም ጥሩ ነበር። አባባ ቱርክ ጠበሱ፣ ጎመንና የበቆሎ ዳቦ ሠሩ፣ ሚስ ኦፓል የድንች ኬኳን ይዛ መጣች። ብዙ ተረፈ።

አዎ፣ ደህና እበላለሁ። አዎ፣ ሒሳብ አልፌያለሁ። አይ፣ ወንድ ጓደኛ የለኝም፤ ማነው እንዲህ ያለሽ?

ትልቁ ዜናዬ የጓድ መሪ መሆኔ ነው! ዘጠኝ ልጆች በኔ ስር ናቸው። ሁሉም ከኔ በዕድሜ ይበልጣሉ፤ «እሺ እቴጌ» እያሉ ያሾፉብኛል፣ ግን ይታዘዛሉ። ባለፈው ሳምንት ከጓዴ አንዱ፣ ኩዊንተን የሚባል ረጅም ልጅ፣ ሰልፍ ላይ እንደ ግንድ ተገነደሰ። ጉልበቱን ቆልፎ ቆሞ ነበር። ጉልበት ከተቆለፈ ደም ጭንቅላት አይደርስም፣ ሰው ወድቆ ነው የሚነቃው። ቺፍ እኔን ነው የተቆጡኝ፤ «ያንቺ ሰው ሲገረጣ እንዴት አላየሽም? መሪ ማለት ሰዎቹን የሚያይ ነው» አሉ። ልክ ናቸው።

አባባ ከታች መስመራቸውን ያልጻፉት ጣታቸውን ሪህ ይዟቸው ነው። አታስቢ። ሰላም ብለውሻል።

ልጅሽ ሻሪስ


ያው ዕለት

እማዬ፣

ይህንን አልልከውም። ስለዚህ እውነቱን እጽፈዋለሁ።

ሪህ የለባቸውም። እስክሪብቶውን ሰጥቻቸው «ለኢቬት ጻፉላት» ስላቸው «ኢቬት ማናት?» አሉኝ። ከዚያ ሳቁ፤ እየቀለዱ ነው ብዬ አብሬ ሳቅሁ። እየቀለዱ አልነበረም።

የምስጋና ቀን ከትምህርት ቤት ሰልፍ ስመለስ ጠረጴዛው ለትልቅ ድግስ ተዘርግቷል። የሚስ ኦፓልን ወንበሮች ሳይቀር አምጥተዋል። ቢላው፣ ሹካው፣ ሁሉም በመስመር። አባባ ነጭ ፎጣ ክንዳቸው ላይ ጥለው ከአንዱ ወንበር ጀርባ ቀጥ ብለው ቆመዋል። «አባባ ተቀመጡ እንጂ» ስላቸው «ሌተናንት ሃርግሮቭ ገና አልመጡም» አሉ። ሚስ ኦፓል አየችኝ፣ አየኋት። ከዚያ ሄዳ ዋናው ወንበር ላይ ተቀመጠችና «እስቲ አምጣው፣ ራበኝ» አለች፤ እኔም ተቀመጥኩ። አሳለፉልን። ስንጨርስ ሳህኑን አነሱ፤ እሳቸው ኩሽና ቆመው በሉ። አብሬያቸው ልብላ ብል «ይሄ ያንቺ ቦታ አይደለም» አሉኝ።

ሁልጊዜ እንዲህ አይደሉም። ብዙ ጠዋት ራሳቸው ናቸው፤ ጋዜጣውን ያነባሉ፣ ከንቲባውን ይሳደባሉ፣ ፀጉሬን ያስተካክሉልኛል። ሌላ ጊዜ ግን ምድጃውን ለኩሰው ይሄዳሉ። አሁን የምድጃውን መክፈቻዎች ነቅዬ በቦርሳዬ ትምህርት ቤት ይዤ እሄዳለሁ። ቦርሳዬ ሲንቀጫቀጭ ልጆቹ «ምን ይዘሽ ነው?» ይሉኛል። «ሜዳሊያዎቼን» እላለሁ።

ቺፍ መጀመሪያ ቀን ያስተማሩን፣ የተበላሸ ነገር ያየ ካዴት ሳይውል ሳያድር ለአለቃው ይናገራል የሚል ነው። እኔ ያየሁትን ብናገር አንቺ ትሰናበቻለሽ። አሥራ ሰባት ዓመት አገልግሎትሽ ገደል ይገባል። ስለዚህ አልናገርም። ሦስት ዓመት መደበቅ እችላለሁ፤ ለምን አልችልም? እኔ መሪ ነኝ፣ ሰው አያለሁ።

ግን እማዬ፣ ፈራሁ።


ፖርትስመዝ
ዲሴምበር 30፣ 1990

ውድ እማዬ፣

መልካም የገና ሰሞን። የላክሽው ሻርፕ ደርሶኛል፤ አንገቴ ላይ ነው። አባባም የተላከላቸውን ካልሲ ወደውታል። አይ፣ ሪሁ ገና አልለቀቃቸውም። ሰላም ብለውሻል።

አንድ ነገር ልለምንሽ ነው። ቺፍ ዴልጋዶ በፌብሩዋሪ መጨረሻ ለካዴቶች ትልቁን የዓመቱን ግብዣ ያዘጋጃሉ። ጦርነት ቢነሳም አይቀርም ብለዋል። መኮንኖች ይመጣሉ፣ ወላጆች ይመጣሉ፣ ኬኩ በሰይፍ ይቆረጣል። ልማዱን ታውቂዋለሽ፤ አዳራሹ ውስጥ በዕድሜ ትልቁ ባሕረኛና ትንሹ አብረው ይቆርጣሉ፣ የመጀመሪያውን ቁራጭ ትልቁ ይቀምሳል፣ ከዚያ ለትንሹ ይሰጣል። ከካዴቶቹ ትንሿ እኔ ነኝ። ትልቁን ባሕረኛ ደግሞ ቺፍ ያን ሱሪ ካዩ ጀምሮ መርጠው ጨርሰዋል። አባባን ነው የሚፈልጉት።

እባክሽ ለቺፍ ጻፊላቸውና አባባ አይችሉም በያቸው። እኔ ሁለት ጊዜ ሰበብ ሰጥቻለሁ፣ አልሰሙኝም። ካንቺ ከመጣ ይሰማሉ። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ። አባባ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ባይቀርቡ ይሻላል፤ ያ ሁሉ መኮንን ባለበት። እባክሽ እማዬ።

ልጅሽ


ባሕር ላይ
ጃንዋሪ 27፣ 1991

ሻሪስ፣

ጦርነቱ እንደተጀመረ ሰምታችኋል። ደህና ነኝ፤ ቴሌቪዥኑ የሚለውን ሁሉ አትመኑ። የመርዝ ጋዝ መከላከያ ማስክ ታቅፈን ነው የምንተኛው፣ መርከባችን ግን ሩቅ ነው። ከዚህ በላይ መጻፍ አይፈቀድም።

ደብዳቤሽን ጭነት ስናወርድ ውለን ማታ አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። የተሳሳትኩ መስሎኝ ለጓደኛዬ ሰጥቼ አስነበብኳት። አልተሳሳትኩም።

በመኮንኖች ፊት ባይቀርቡ ይሻላል ነው ያልሽው? አሳላፊ ስለነበረ ነው? አምነሽኝ የነገርኩሽን ነገር እንዲህ አደረግሽው? እኔ ዛሬ የመጋዘን ኃላፊ ሆኜ ሰው የማዝዘው፣ አንቺም ዘጠኝ ልጅ ሰልፍ የምታስይዢው፣ ያ ሰውዬ ሃያ ሁለት ዓመት አንገቱን ደፍቶ ስለተሸከመን ነው። አንድ ቀን፣ አንድ ብቸኛ ቀን፣ ባህር ኃይል «ናልን፣ መጀመሪያ አንተ ቅመስ» አለው። አንቺ ደግሞ ታፍሪያለሽ! ትከሻሽ ላይ አንድ ጭረት ተሰፋና የማን ልጅ እንደሆንሽ ጠፋሽ?

ለቺፍ አልጽፍላቸውም። ጥቁር ሱፉን ታወጪለታለሽ፣ የሜዳሊያ ሪባኖቹን ደረቱ ላይ በቀጥታ መስመር ትሰኪለታለሽ፣ ክንዱን ይዘሽ ትገቢያለሽ። በሰው ፊት በሱ ካፈርሽ እኔን እናቴ አትበዪኝ።

ይህን የምጽፈው እያለቀስኩ ነው። ሌላ ወረቀት የለኝም፣ አልቀደውም።

እናትሽ


ፖርትስመዝ
ፌብሩዋሪ 13፣ 1991

እማዬ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እሺ። አባባን ይዣቸው እሄዳለሁ። አፍሬባቸው አላውቅም። እሱን ብቻ እመኚኝ፣ ሌላውን እንዳሻሽ አስቢ። ጠብቂ ራስሽን። ማስኩን ከአጠገብሽ አትለዪው።

ሻሪስ


ፖርትስመዝ
ማርች 3፣ 1991

ውድ እማዬ፣

ጦርነቱ ቆመ አሉ። ሚስ ኦፓል በር ላይ ወጥታ ድስት ስትደበድብ ነበር። ተመስገን፣ አለሽ። አሁን ይህን ደብዳቤ ተቀምጠሽ አንብቢው።

ስለ ግብዣው ቀድመሽ ጠይቀሽኛል፤ ፎቶ ላኪልኝ ብለሻል። ፎቶ አለ፣ ግን አልልከውም። ልንገርሽ።

ያን ቀን አባባ ደህና ነበሩ። ይህን እወቂልኝ። ጠዋት ሱፋቸውን ራሳቸው ተኮሱ፣ የኔንም ሱሪ ተኮሱ፣ በዚህ ጊዜ መስመሩን ከፊት። በቺፍ መኪና ስንሄድ «ኬኩ ቸኮሌት ካልሆነ እመለሳለሁ» እያሉ ቺፍን አሳቋቸው። ስንገባ አዳራሹ በሙሉ ተነሳላቸው። እኔ ከሰንደቅ ዓላማ ያዦቹ አንዷ ስለነበርኩ ነጭ ጓንት አድርጌያለሁ። ሰይፉን አብረን ያዝን፣ እጃቸው እጄ ላይ። ቆረጥን። ተጨበጨበ። ቺፍ የመጀመሪያውን ቁራጭ በሳህን አድርገው «ቅድሚያ ለእርስዎ፣ ጌታዬ» አሏቸው።

አባባ ሳህኑን ተቀበሉ፤ አልቀመሱም። ከጠረጴዛው ላይ ናፕኪን አንስተው ክንዳቸው ላይ ጣሉ። የክብር እንግዳው አንድ ነጭ ካፒቴን ነበሩ። አባባ ሄደው በግራቸው በኩል ጎንበስ ብለው አቀረቡላቸው። ሰው አክብሮት መስሎት አጨበጨበ። ተመልሰው ሁለተኛ ሳህን አነሱ። ሦስተኛ። ጭብጨባው ቆመ። ከኋላ አንድ ልጅ ሳቀ። ያ ካፒቴን ቀይ ሆነው ተነስተው «ኧረ ይቀመጡ፣ አባት» አሏቸው፤ አባባ «ወዲያው ጌታዬ፣ ወዲያው» ብለው እንደገና ወደ ኬኩ ሮጡ። ሮጡ እማዬ። በዚያ ጉልበታቸው።

እኔ እንደ ድንጋይ ደርቄ ቀረሁ። ወጥቼ ልጠፋ ፈለግሁ፣ ልዋሽሽ አልችልም። ከዚያ ዞር አሉና አዩኝ። ፊቴን አላዩም፣ ጓንቴን ነው ያዩት።

«አንተ አዲሱ! ምን ይገትርሃል? ትሪ ያዝ እንጂ! ሌተናንት ሃርግሮቭ መጠበቅ አይወዱም።»

ማንንም ሳላይ «ታዝዣለሁ» አልኩና ትሪ አነሳሁ።

አዳራሹን በሙሉ አሳለፍን። እየሄድን በሹክሹክታ ያስተምሩኛል። «ከግራ አቅርብ። አውራ ጣትህ ሳህኑ ላይ አይውጣ። ካልጠየቁህ አትናገር።» አንዲት ሴትዮ «አመሰግናለሁ የኔ ልጅ» ስትለኝ ቀና ብዬ አየኋት። አባባ ክርኔን ቆነጠጡኝ። «ዓይናቸውን አትይ! ዓይናቸውን ካየህ ያባርሩሃል።» እማዬ፣ ያኔ ነው ያለቀስኩት። እየሄድኩ፣ ትሪውን እንደያዝኩ። የሳቀው ልጅ ኩዊንተን ነበር፤ የሱ ጠረጴዛ ስንደርስ ብድግ ብሎ ቆመ። ከዚያ ጓዴ በሙሉ ቆመ። አባባ አላስተዋሉም። ቺፍ ዴልጋዶ ኮታቸውን አውልቀው ሦስተኛ ትሪ ይዘው ከኋላችን መጡ። አባባ አዩዋቸውና «በመጨረሻ ሰው ላኩልን» አሉ።

ሲያልቅ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ደክሟቸው ነበር። ያኔ አወቁኝ። «ሻሪስ፣ ኬኩ ተቆረጠ እንዴ?» አሉኝ። «ተቆርጧል አባባ» አልኳቸው። «ሳልቀምስ?» አሉ። አንድም ቁራጭ አልቀረም ነበር።

ቺፍ ኮሪደር ላይ ጠሩኝ። «ይሄ ዛሬ የጀመረ አይደለም» አሉ። ደክሟቸው ነው ብዬ ማለፍ እችል ነበር። አንቺ ፊቴ ላይ ነበርሽ፣ ጡረታሽ፣ አሥራ ሰባት ዓመትሽ። ግን ከጓዴ አንዱ ፊቱ ሲገረጣ ቆሜ ማየት አልችልም፤ አባባ ደግሞ ከገረጡ ቆይተዋል። ሁሉንም ነገርኳቸው። የምስጋናውን ቀን፣ ምድጃውን ለኩሰው ስለሚሄዱ መክፈቻዎቹን ነቅዬ በቦርሳዬ ይዤ መዞሬን፣ ኢቬት ማናት ያሉትን። ሪህ አልነበረም እማዬ። የዋሸሁሽ እኔ ነኝ። አባባ እንዳይቀርቡ የለመንኩሽ በዚህ ነው።

ቺፍ «ይህን ለእናትሽ አለቆች ማሳወቅ አለብኝ፣ ታውቂያለሽ አይደል?» አሉኝ። አውቃለሁ አልኩ። እስከዚያው የቺፍ ሚስትና ሚስ ኦፓል እየተፈራረቁ ይመጣሉ።

ይቅርታ። በዚህ ጊዜ ሙሉውን ነው። ሥራሽን አሳጣሁሽ። ዩኒፎርሜን አጥቤ አጣጥፌዋለሁ፣ ሰኞ እመልሳለሁ። መሪ መባል አይገባኝም፤ ሰው ፊት ካልወደቁ በቀር የማላይ ነኝ።

ልጅሽ ከሆንኩ፣ ሻሪስ


ባሕር ላይ
ማርች 24፣ 1991

ልጄ፣ ልጄ፣ ልጄ ሻሪስ፣

መጀመሪያ ይሄን ልበል። በጃንዋሪ የጻፍኩልሽን ደብዳቤ አውጪና ቅደጂው። እኔ መቅደድ ሲገባኝ አልቀደድኩትም። «እናቴ አትበዪኝ» ያልኩበትን እጄን ቆርጬ ብጥለው ይቀለኛል። ማፈር የሚገባው ሰው አንቺ አልነበርሽም።

ደብዳቤሽ ከመድረሱ በፊት የመርከቡ ቄስ አስጠርተውኝ ነግረውኝ ነበር። እሳቸው የነገሩኝ በሁለት መስመር ነው፦ አባትሽ አእምሯቸው ደክሟል፣ ልጅሽን ጎረቤት እያያት ነው። የቀረውን ካንቺ ሰማሁ። መጋዘኑ ውስጥ፣ የሳሙና ካርቶን ላይ ቁጭ ብዬ። «ዓይናቸውን አትይ» የሚለው ጋ ስደርስ ማንበብ አቃተኝ። ሳምንት ሙሉ የዘጋኝ ለምን እንደሆነ በዚህ ዕድሜዬ ገባኝ።

አሁን ምን እንደሚሆን ሳትጨነቂ አትቀሪም፤ አልደብቅሽም፣ መደባበቅ ይብቃን። አለቆቼ ክፉ ሰዎች አይደሉም። አባዬ የጡረተኛ ባሕረኞች ማረፊያ ይግባ፣ አንቺ ዲትሮይት ሬጂና ጋ ሂጂ፣ እኔ ሦስት ዓመቴን ልጨርስ፤ አንዱ መንገድ ይሄ ነው። ሌላው መሰናበት ነው። አንድ ሌሊት አስቢበት አሉኝ። አላሰብኩም። ማረፊያው ውስጥ አባዬ ትሪ ሲያነሳ ማን አብሮት ይይዛል? ስንብቱን ፈረምኩ። የመጋዘኑን ቁልፍ ትናንት አስረከብኩ። ኤፕሪል ሲጋመስ ቤት ነኝ።

አሁን ደግሞ የማይወደደውን ልንገርሽ። ተናድጃለሁ። ንዴቴ ባንቺ ላይ አይደለም ብዬ ጽፌ ነበር፤ ውሸት ስለሆነ ሰረዝኩት። ባንቺም ላይ ነው። ያደረግሽው ልክ ነው፣ ካንቺ የሚጠበቀውም ይኸው ነው፣ ያስከፈለኝ ግን ብዙ ነው፤ ሁለቱም እውነት ነው። ቤት ስመጣ አንዳንድ ቀን ዝም ብል፣ ሳህን ሳጥብ ባንኳኳ፣ ይሄ ነው። ያልፋል። አንቺ እንዳትሸሺኝ ብቻ። ወራት ሙሉ የምድጃ መክፈቻ በቦርሳ ይዘሽ ስትዞሪ እኔ ወረቀት ላይ «ተንከባከቢው» እያልኩ እፈርም ነበር። ያንን ሸክም የጫንኩብሽ እኔ ነኝ፤ ያን ንዴትሽን ደግሞ አንቺ አምጪው፣ እኔም አልሸሽም።

ለአባዬ ምንም አትንገሪው። ለምን እንደመጣሁ እኔው ደጋግሜ እነግረዋለሁ፣ በረሳው ቁጥር።

ዩኒፎርሙን መልሰሽ ከሆነ ሄደሽ አምጪው። ቺፍን እማዬ ናት ያለችኝ በያቸው። እኔ በሚቀጥለው ወር የኔን አወልቃለሁ። ሁለታችንም ባንድ ላይ አናወልቅም፤ አንቺ ልበሺ።

እናትሽ ኢቬት